ድምሩ አለፈ፣ ጆሮው ወደቀ፦ ከድሬዳዋ የአንዲት የጃፓንኛ ተማሪ ጉዳይ

የውጤት ወረቀቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ ቃላትና ሰዋስው 43፣ ንባብ 41፣ ማዳመጥ 17። ድምሩ 101 ይመጣል። የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ኤን2 ለሚባለው ደረጃ ማለፊያው ከ180 ላይ 90 ነው። ተማሪዋ ማለፊያውን በ11 ነጥብ በልጣ ወደቀች።

ፈተናው ሁለት በር አለው። አንደኛው በር ድምሩ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ ከሦስቱ ክፍሎች በእያንዳንዱ ከ60 ቢያንስ 19 ማምጣት ግድ ነው። አንዱ ክፍል ከ19 በታች ከሆነ ሌሎቹ ሙሉ ቢሆኑም አያድኑትም። «በሁለት ነጥብ ነው የቀረሁት፣ አንድ ጥያቄ ቢጨመርልኝ አልፍ ነበር» የሚለው መጽናኛም አያስኬድም። ነጥቡ ትክክል የተመለሱ ጥያቄዎች ቆጠራ ሳይሆን የፈተናው ክብደት እየታየ በስሌት የሚወጣ ስለሆነ፣ 2 ነጥብ ስንት ጥያቄ እንደሆነ ከወረቀቱ ላይ ማንበብ አይቻልም። ከወረቀቱ የሚነበበው የሦስቱ ቁጥሮች አለመመጣጠን ነው። 43፣ 41፣ 17። አንድ ሰው በዓይኑ የሚያውቀውን ቋንቋ በጆሮው ካላወቀው የሚያመጣው ውጤት ይህ ነው።

ተማሪዋ የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ ሳቢያን ሰፈር ነዋሪ፣ በሲቪል ምህንድስና የተመረቀች። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ገበያ ላይ ኦሮምኛ ትናገራለች፤ ሶማልኛም ትሰማለች። ጃፓንኛ ያጠናችው ብቻዋን፣ በስልክና በእንግሊዝኛ በተዘጋጁ መማሪያዎች ነው። የምትፈልገው በጃፓን ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ጎርፍ መከላከልን በማስተርስ ደረጃ ማጥናት ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበት ከተማ ልጅ ይህን ቢመርጥ አይገርምም። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚከርም ወንዝ በአንድ ሌሊት ምን እንደሚያደርግ ድሬ ያውቃል።

ጃፓኖች ለዚህ ዓይነቱ ጎርፍ «ቴፕፖኦሚዙ» የሚል ቃል አላቸው፤ ሲፈታ «የጠመንጃ ውሃ» ማለት ነው። ከተራራ የሚወርደውን አሸዋና ድንጋይ የመግታቱ ሙያ ደግሞ «ሳቦኦ» ይባላል፣ አሸዋንና መከላከልን የሚያመለክቱ ሁለት ምልክቶች ተጣምረው። ቃሉ በሌሎች አገሮች የምህንድስና ጽሑፎችም እንዳለ ገብቷል። ጃፓን የሳቦኦ ሕግ ያወጣችው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ መስክ በእንግሊዝኛ የሚሰጡ የማስተርስ ትምህርቶች ስላሉ «ታዲያ ጃፓንኛው ለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም የቤተ ሙከራው ሳምንታዊ ውይይት፣ የመስክ መዝገቦች፣ የማዘጋጃ ቤቶች የአደጋ ካርታዎችና የቆዩ ጥናቶች በብዛት የተጻፉትም የሚነገሩትም በጃፓንኛ ነው። ያንን የማይሰማ ተማሪ ከክፍሉ ይገባል እንጂ ከሥራው አይገባም።

ወደ 17ቷ ነጥብ እንመለስ። ውጤቱ እንደወጣ የተማሪዋ የመጀመሪያ ውሳኔ «ማዳመጥ መጨመር» ነበር፤ በቀን ሁለት ሰዓት የጃፓን ድራማ ከነጽሑፉ ማየት ጀመረች። ይህ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ከስር ጽሑፍ እስካለ ድረስ የሚሠራው ዓይን ነው፣ ጆሮ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ድራማው ቆሞ በምትኩ ለሦስት ሳምንት የስህተት መዝገብ ተያዘ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከ45 እስከ 60 ሰከንድ የሚሆን ድምፅ ተመርጦ አንዴ ለፍሬ ነገሩ ይደመጣል፣ ከዚያ እየቆመ ቃል በቃል ይጻፋል፣ በመጨረሻ ከትክክለኛው ጽሑፍ ጋር ይተያያል። እያንዳንዱ ስህተት ከጎኑ ዓይነቱ ይጻፍበታል፦ ርዝመት፣ ጥብቀት፣ የተዋጠ ድምፅ፣ የማላውቀው ቃል፣ ሳነበው የማውቀው ቃል።

የመጀመሪያው ሳምንት መዝገብ ባክኗል ማለት ይቻላል፤ የጻፈችው በስልክ ነበር። የስልኩ የጃፓንኛ መጻፊያ ግማሹን ስትነካው ቀሪውን ራሱ እየገመተ ምልክቱን ስለሚያቀርብ የጆሮዋን ስህተት እያረመ ይደብቅባት ነበር። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በእርሳስ፣ በወረቀት፣ በሂራጋና ብቻ ሆነ። ሂራጋና እንደ ፊደላችን ድምፅን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ መሠረታዊዎቹ 46 ናቸው፣ መደበቂያ የላቸውም።

ከመዝገቡ ሁለት ነገሮች ጎልተው ወጡ። በብዛት አንደኛ የሆነው «ሳነበው የማውቀው ቃል» ነው። የማታውቃቸው ቃላት ጥቂት ነበሩ። ምክንያቱ የማጥኛ ካርዶቿ ላይ ተገኘ፤ ፊት ለፊት የቻይና ምልክቱ፣ ከጀርባው የእንግሊዝኛ ፍቺው፣ ድምፁ የለም። ለዕለት ንባብ የተደነገጉት ምልክቶች ከ2010 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ወዲህ 2136 ናቸው፤ እርሷ ከግማሽ በላዩን አይታ ትርጉሙን ትናገራለች። ድምፁን ጠርታ የማታውቀው ምልክት ግን ቢነገር አይሰማትም። ንባብ 41፣ ማዳመጥ 17 የሆነው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው የአናባቢ ርዝመት ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ያለ ተማሪ ሌላው ያልታደለው መሣሪያ ያለው እዚህ ላይ ነው። አማርኛ ድምፅ ይጠብቃል፣ ይላላል፤ «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ዋነኛው ነው። ፊደሉ ባያሳየውም ጆሮ ይለየዋል። ጃፓንኛም እንዲሁ «ኪቴ» ሲል «ና»፣ «ኪትቴ» ሲል የፖስታ ቴምብር ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ይሰማዋል፤ በመዝገቧም የጥብቀት ስህተት እምብዛም አልነበረም። አማርኛ የሌለው የአናባቢ ርዝመት ነው። አናባቢ ብናስረዝም ለቁጣ ወይም ለማጉላት እንጂ ትርጉም አይለወጥም። በጃፓንኛ ይለወጣል። ረጅሙን ፊደል በመጨመር ብናሳይ፣ «ጁዮኦ» የገበያ ፍላጎት ሲሆን «ጁኡዮኦ» አስፈላጊ ነው። «ኮሾኦ» ብልሽት፣ «ኮኦሾኦ» ድርድር። «ኪዮካ» ፈቃድ፣ «ኪዮኦካ» ማጠናከር። በጎርፍ ጥናት ውስጥ ደግሞ «ኮሱይ» የሐይቅ ውሃ፣ «ኮኦሱይ» የሚወርደው ዝናብ ነው። ግድግዳ ስለማጠናከር የሚያወራን ሰው ስለ ፈቃድ እንደሚያወራ ቆጥሮ የሚያዳምጥ ሰው ከሦስተኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ መንገዱ ይጠፋበታል።

ኦሮምኛ ግን ይህ ልዩነት አለው። «ላፋ» መሬት ነው፣ «ላኣፋኣ» ለስላሳ ነው። ቁቤ ፊደሉን ደግሞ በመጻፍ ያሳየዋል። ሶማልኛም ረጅሙን ከአጭሩ ይለያል። ተማሪዋ ይህን ልዩነት በየቀኑ ገበያ ላይ ያለ ስህተት ትጠቀምበታለች፤ ጃፓንኛ ላይ ያላዋለችው በእንግሊዝኛ በኩል ስለተማረችው ነው። መማሪያው «ረጅም አናባቢ» ሲል በአእምሮዋ የመጣው የእንግሊዝኛው ነበር፣ እርሱ ደግሞ ከርዝመቱ ጋር የድምፁንም ጠባይ ይለውጣል። መፍትሔው አዲስ ትምህርት አልጠየቀም። ጥንድ ቃላቱን በኦሮምኛው ጆሮ መስማት፣ በጣት እየመቱ መቁጠር በቂ ሆነ። «ኮሾኦ» ሦስት ምት ነው፣ «ኮኦሾኦ» አራት። «ቴፕፖኦሚዙ» ስድስት ነው፤ የጠበቀው ድምፅ ለብቻው አንድ ምት፣ የተራዘመው ለብቻው አንድ ምት ይወስዳል። ሐረርም ሆነ ድሬ ያለ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚያውቅ ተማሪ ሁሉ ይህን ከመጀመሪያው ሳምንት ቢጀምር በጣም ይቀለዋል።

በተዋጡ ድምፆች ላይ ደግሞ አማርኛ ራሱ ይረዳል። የጃፓንኛ «ኢ» እና «ኡ» በአንዳንድ ተነባቢዎች መካከል ሲገቡ ድምፃቸው ይጠፋል፤ «ሱኪ» የሚለው «ስኪ»፣ «ጋኩሴይ» የሚለው «ጋክሴይ» ሆኖ ይሰማል። የእኛ ሳድስ ለዚህ ተስማሚ ስለሆነ ጆሮ አይደነግጥም። የጠፋው አናባቢ ምቱን እንዳልተወ ማስታወስ ግን ያስፈልጋል፤ «ጋክሴይ» አሁንም አራት ምት ነው። ከዚህ የከበደው በንግግር ጊዜ የሚቆራረጡት ናቸው፦ «ቴ ሺማኡ» «ቻኡ» ይሆናል፣ «ቴ ኦኩ» «ቶኩ»፣ «ናኬሬባ» «ናክያ»። እነዚህ በዜና ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። ተማሪዋ የቃል ጽሕፈቱን በዜና ብቻ ስትሠራ ስለነበር ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ግማሹ ወደ ተራ ንግግር ተቀየረ። ፍጥነቱንም 0.75 አድርጋ ታዳምጥ ነበር፤ ይህም ተከለከለ። ድምፅ ሲዘገይ አጭሩ አናባቢ ራሱ የረዘመ መስሎ ይሰማል፤ ልትለየው የምትታገለው ነገር ያኔውኑ ይበላሻል። ከባድ የሆነን ድምፅ ማሳጠር እንጂ ማዘግየት አያስፈልግም።

ካርዶቹ ተገለበጡ። ፊት ለፊት ድምፅ ብቻ፣ ከጀርባ ምልክቱና ትርጉሙ በአማርኛ። በቀን 15 አዲስ፣ ከዚያ በላይ አይደለም፤ 30 የሞከረች ጊዜ በአሥራ አምስተኛው ቀን የክለሳው ክምር ከአንድ ሰዓት በላይ ወስዶባት ጽሕፈቱን አስቀርቶባታል። ለከፍተኛ ደረጃ ተማሪ ምልክቶችን በድምፅ ቤተሰብ መያዝም ብዙ ያቃልላል። «ሴይ» ተብሎ የሚነበበው የሰማያዊ ቀለም ምልክት ከጎኑ ውሃ ሲጨመርበት «ንጹህ»፣ ፀሐይ ሲጨመርበት «የጠራ ሰማይ»፣ ንግግር ሲጨመርበት «መጠየቅ»፣ ሩዝ ሲጨመርበት «የነጠረ» ይሆናል፤ አራቱም በቻይና ንባባቸው «ሴይ» ናቸው። ደንቡ ሁልጊዜ አይሠራም፣ በሚሠራበት ቦታ ግን አንድ ድምፅ አራት ምልክት ይከፍታል። የዚህ ሌላው ገጽ ደግሞ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ቃላት መብዛት ነው። «ካጋኩ» ሳይንስም ኬሚስትሪም ነው፤ ጃፓኖቹ ራሳቸው መለየት ሲፈልጉ ኬሚስትሪን «ባኬጋኩ» ይሉታል። «ሺሪትሱ» የግል ትምህርት ቤትም የማዘጋጃ ቤት ትምህርት ቤትም ነው፤ «ዋታኩሺሪትሱ» እና «ኢቺሪትሱ» እያሉ ይለዩታል። እነዚህን ማወቅ ተማሪውን ከከንቱ ጥፋተኝነት ያድነዋል፤ ሁሉም ያልተሰማ ነገር የጆሮ ድክመት አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ጊዜ የበላው ግን የሁለት እርከን ትርጉም ነው። ተማሪዋ ጃፓንኛውን ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ታመጣ ነበር፤ ንግግሩ ደግሞ አንዴ ብቻ ነው የሚሰማው፣ አይደገምም። መካከለኛውን እርከን ማውጣት የተቻለው አማርኛና ጃፓንኛ ምን ያህል ጎን ለጎን እንደሚሄዱ በማሳየት ነው። ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ትናንት የመጣው ሰው» በቀጥታ «ኪኖኦ ኪታ ሂቶ» ነው፣ ገላጩ ከስሙ ይቀድማል፤ እንግሊዝኛ ግን ይገለብጠዋል። «ይመጣል አለ» «ኩሩ ቶ ኢትታ» ነው። ቦዝ አንቀጻችን ከእነርሱ «ቴ» ቅርጽ ጋር ይገጥማል፤ «በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተኛ» «ታቤቴ፣ ኖንዴ፣ ኔታ» ነው፣ «ጠይቀህ እይ» ደግሞ «ኪይቴ ሚሩ» ሆኖ ያው «ማየት» የሚለው ግስ ጭምር ይመጣል።

በእንግሊዝኛ መማሪያዎች ውስጥ ገጽ ሙሉ ማብራሪያ የሚወስደው «የጉዳት ተደራጊ ግስ» ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ዝናብ ዘነበብኝ» ሲባል ማን እንደተጎዳ «ብኝ» ይናገራል። ጃፓንኛው «አሜ ኒ ፉራሬታ» ነው። «ልጁ አለቀሰብኝ» «ኮዶሞ ኒ ናካሬታ»፤ «ሚስቱ ሞተችበት» «ትሱማ ኒ ሺናሬታ»። በሌላው ወገን «ልኝ» አለ፤ «ሠራልኝ» ከ«ቴ ኩሬታ» ጋር ይገጥማል። ተማሪዋ እነዚህን በአንድ ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ዓምድ ጽፋ ጨረሰቻቸው፤ ከዚያ በፊት በእንግሊዝኛ ለወራት ስትታገላቸው ነበር።

መንገዱ የሚለያይበትም ቦታ አለ፤ ነጥብ የሚጣለውም እዚያ ነው። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን ይሸከማል፤ «በልቼ»፣ «በልተህ»፣ «በልታ»። የጃፓንኛው «ታቤቴ» ማን እንደበላ አይናገርም፣ ባለቤቱም አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል። ማን ማንን እንደሆነ የሚታወቀው ከመስጠትና ከመቀበል ግሶች ነው። በፈተናው የመጀመሪያ ዓይነት ጥያቄ ሁለት ሰዎች ሥራ ሲከፋፈሉ ይሰማና «ሴትየዋ መጀመሪያ ምን ታደርጋለች?» ይባላል። «ያትቴ ሞራኤማሱ ካ» ከተባለ «ታደርግልኛለህ?» ነው፣ ሠሪው አድማጩ። «ያራሴቴ ሞራኤማሱ ካ» ከተባለ «እኔ እንዳደርገው ትፈቅድልኛለህ?» ነው፣ ሠሪው ተናጋሪው። ልዩነቱ ሁለት ፊደል ነው። ተማሪዋ የሳተቻቸውን የዚህ ዓይነት ጥያቄዎች ስትመረምር ቃላቱን ሁሉ ሰምታ ሰውየውን ብቻ ያሳሳተችባቸው ብዙ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በጥያቄ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሁለት ዓምድ ታሰምራለች፣ «ሴ» እና «ወ»፤ ሥራው በተነሳ ቁጥር ከሠሪው ስር ምልክት ታደርጋለች። በጥያቄ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ይፈቀዳል።

የፈተናው ሁኔታ ራሱም ልምምድ ይፈልጋል። የኤን2 ማዳመጥ 50 ደቂቃ ነው፤ የሚመጣው ደግሞ 105 ደቂቃ ቃላት፣ ሰዋስውና ንባብ ከተሠራ በኋላ በደከመ ጭንቅላት ነው። ድምፁ የሚሰማው ለክፍሉ በሙሉ ከተቀመጠ ድምፅ ማጉያ እንጂ በጆሮ ማዳመጫ አይደለም። ተማሪዋ ዓመቱን ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ፣ በሯን ዘግታ፣ ጸጥ ባለ ሌሊት ነበር የተለማመደችው። ድሬዳዋ ላይ ለጸጥታ መለማመድ ራሱን የቻለ ስህተት ነው፤ ቬንቲሌተሩ እየዞረ፣ ባጃጁ እያለፈ፣ ስልኩ ሁለት ሜትር ርቆ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማዳመጥ ይሻላል። ይህ ብቻ ለሁለት ሳምንት ያህል የልምምድ ውጤቷን ወደ ታች አውርዶት ነበር፣ ከዚያ ወጣ።

ከሁሉ የከፋው ልማዷ ግን ያመለጣትን ጥያቄ መከተሏ ነበር። አንድ አጭር ንግግር ተሰምቶ ሦስት መልስ የሚቀርብበት ክፍል አለ፤ ወረቀት ላይ ምንም አልተጻፈም፣ ጥያቄው ይመጣል፣ ይሄዳል። አንዱን «ምን ነበር ያለው?» ብላ ስታስብ የሚቀጥሉት ሁለቱ ያልፏታል። አንድ የነበረው ስህተት ሦስት ይሆናል። ደንቡ አጭር ሆነ፦ ካልሰማሽ አንዱን አጥቁሪና ልቀቂው።

የሐምሌ እ.ኤ.አ. ፈተና ውጤት የሚወጣው በነሐሴ እ.ኤ.አ. ማብቂያ አካባቢ ነው፤ ቀጣዩ ፈተና ደግሞ በታኅሣሥ እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ እሑድ፣ በእኛ ኅዳር መጨረሻ። መካከል ያለው 14 ሳምንት ነው። የቀጣዩ ምዝገባ በብዙ አገሮች ከውጤቱ ጋር ስለሚገጣጠም ውጤት እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው ቀኑ ሊያልፈው ይችላል። በድሬ ሙቀት ከቀትር እስከ 10 ሰዓት ጭንቅላት አይሠራም፤ ስለዚህ ማዳመጡ ከንጋቱ 11:30 እስከ 1:00 ሆነ። 20 ደቂቃ የቃል ጽሕፈት፣ 15 ደቂቃ ያንኑ ድምፅ እየተከተሉ መናገርና ራስን ቀድቶ ማነጻጸር፣ 30 ደቂቃ የፈተና ዓይነት ጥያቄ፣ 25 ደቂቃ ካርድ። ማታ 40 ደቂቃ ንባብ። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ፣ ሙሉ 155 ደቂቃው ሳይቆራረጥ።

ሁለተኛው ውጤት፦ ቃላትና ሰዋስው 44፣ ንባብ 39፣ ማዳመጥ 31፤ ድምር 114። ንባብ በሁለት ወርዷል፣ ከሰዓቱ የተወሰደበት እርሱ ነውና። ማለፏ ያስደስታል፤ ይህ ፈተና ግን ንግግርንም ጽሕፈትንም አይለካም። ለዩኒቨርሲቲ የሚሆነው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው የተጀመረው።

ለፕሮፌሰር የሚላክ ደብዳቤ ላይ የመጀመሪያው ረቂቅ የሰዋስው ስህተት አልነበረበትም፤ ቢላክ ግን በሩን ይዘጋ ነበር። «አናታ ኖ ኬንኪዩኡ»፣ «የአንተ ምርምር»፣ ይላል፤ «አናታ» በመዝገበ ቃላት «አንቺ፣ አንተ» ቢሆንም ለመምህር አይባልም። «ሴንሴይ ኖ ጎኬንኪዩኡ»፣ «የመምህር ምርምር»፣ ሆነ። «ኦሺኤቴ ኩዳሳይ»፣ «እባክዎ ያስተምሩኝ»፣ በመማሪያ ላይ ትሑት ልመና ተብሎ ቢሰጥም ለማያውቁት ፕሮፌሰር ሲጻፍ ትእዛዝ ይመስላል፤ «ጎሺዶኦ ኢታዳኬናይ ዴሾኦ ካ» በሚል ተተካ፣ «ሊመሩኝ አይችሉ ይሆን?» እንደማለት። ስሟን ስትናገርም «ቶ ሞኦሺማሱ» ነው፣ ራስን ዝቅ አድርጎ።

የአክብሮት ንግግር ለድሬ ልጅ በሁለት ወገን ይከብዳል። አንደኛ፣ ድሬ ላይ ትልቅ ሰውን «አንተ» ማለት እንደ ድፍረት አይቆጠርም፤ የከተማው ፍቅር ነው። ሁለተኛና ከባዱ፣ የአማርኛ አክብሮት ሰውየውን ይከተላል፤ አባቴ ለማንም ሳወራ «አባቴ መጡ» ናቸው። የጃፓንኛው አክብሮት የሚወሰነው በሚያዳምጠው ሰው ነው። ለውጭ ሰው ስለ ራስ አባት ሲወራ ይወረዳል፤ «ኦቶኦሳን» ቀርቶ «ቺቺ» ይባላል፣ «ኢራትሻይማሱ» ቀርቶ «ማይሪማሱ»። ተማሪዋ በደብዳቤዋ አባቷን ከፍ አድርጋ ጠቅሳ ነበር። ባህላችን ትክክል ነው የሚለው፣ የእነርሱ ግን ለፕሮፌሰሩ የተነፈገ ክብር አድርጎ ያየዋል። ይህን ለማስተካከል ሰዋስው ከማጥናት ይልቅ «የማን ወገን ነው?» ብሎ በየዓረፍተ ነገሩ መጠየቅ ይጠቅማል፦ የእኔ ወገን ከሆነ ዝቅ፣ የአድማጩ ከሆነ ከፍ።

የምርምር ዕቅዱ ደግሞ ሌላ ልብስ ይለብሳል። በንግግር የለመደቻቸው የትሕትና ማሰሪያዎች «ዴሱ» እና «ማሱ» ወጥተው የጽሑፉ ማሰሪያ «ዴ አሩ» ገባ፤ ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ መቀላቀል ወዲያው ያስታውቃል። «ቶ ኦሞኢማሱ»፣ «ይመስለኛል»፣ በምርምር ጽሑፍ ደካማ ነው፤ «ቶ ካንጋኤራሬሩ»፣ «ተብሎ ይታሰባል»፣ ይሻላል፣ ያም ከፊቱ ማስረጃ ካለ ብቻ። መለማመጃ የሆናት የውጭ ተማሪዎች የጃፓን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የጽሑፍ ክፍል ነው፤ በ30 ደቂቃ ከ400 እስከ 500 ፊደል። እርሷ ያንን ፈተና አትቀመጥም፣ ልኩ ግን ጥሩ ነው። የተጻፈውም በባለ 400 ሣጥን ወረቀት ላይ ነው፣ 20 በ20፤ አንቀጽ ሲጀመር አንድ ሣጥን ይተዋል፣ ነጥብና ሰረዝም የየራሳቸው ሣጥን አላቸው።

ጥናቶችን ጄ-ስቴጅ በሚባለው ነጻ የጃፓን የጥናት መጽሔቶች ገጽ ታነባለች። የስም ሰንሰለቶቹ ያስፈሩ ነበር፤ «ዶሻ ሳይጋይ ኬይካይ ኩኢኪ» ያለ ማያያዣ አራት ስም ነው። ከኋላ መያዝ ነው መፍትሔው፦ ቀጠና፣ የምን? የማስጠንቀቂያ፣ የምን? የአደጋ፣ የምን? የአፈርና የአሸዋ። በአማርኛም «የአፈርና አሸዋ አደጋ ማስጠንቀቂያ ቀጠና» ብሎ በዚያው ቅደም ተከተል ይቆማል። መጀመሪያ አንድ ገጽ አንድ ሰዓት ሊሞላ ይጠጋ ነበር፤ አሁን ማጠቃለያውን፣ ሥዕሎቹንና መደምደሚያውን አስቀድማ ስለምታነብ ሙሉውን ማንበብ የሚገባትን ጥናት ከማይገባት ትለያለች። ዓመተ ምሕረቱ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሲጻፍም ትለምደዋለች፤ ሬይዋ 1 ማለት 2019 እ.ኤ.አ. ነው።

የቀረው ንግግር ነው። ከጃፓን አስተማሪ ጋር በሳምንት አንዴ ለ30 ደቂቃ በኢንተርኔት መነጋገር ጀምራለች። የሰዓቱ ነገር እዚህ ላይ ይገርማል፤ ጃፓን ከእኛ በስድስት ሰዓት ስለምትቀድምና የእኛም ሰዓት አቆጣጠር በስድስት ስለሚዞር፣ ቶኪዮ ላይ ከቀኑ 1 ሲሆን ድሬ ላይ ከጠዋቱ 1 ነው፣ ቶኪዮ ላይ ከምሽቱ 9 ሲሆን ድሬ ላይ ከቀኑ 9። ቁጥሩ አይለወጥም፣ የቀኑ ክፍል እንጂ። ከቀኑ 9 በድሬ የማይሆን ስለሆነ ቅዳሜ 1 ሰዓት ተመረጠ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ሁልጊዜ አንድ ናቸው፦ ያለ ወረቀት፣ ደቻቱ ማለት ምን ዓይነት ወንዝ እንደሆነ በጃፓንኛ ማስረዳት። በአራተኛው ሳምንት «ኮኦዙይ» የሚለውን፣ ጎርፍ የሚለውን ቃል፣ አስተማሪው ሳያስደግማት ተረዳት።